የሙዚቃ ሲዲ ስብስብን በሊኑክስ ወደ ፋይል መገልበጥና መለያ መጻፍ

የሙዚቃ ሲዲዎችን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ጠባያቸው የማይመሳሰል ሁለት ሥራዎችን ይዟል። ድምፁን ከዲስኩ ማውጣት በአብዛኛው የማሽኑ ሥራ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ በትክክል ከተሠራ ዳግመኛ መነካት የለበትም። ለእያንዳንዱ ፋይል የዘፈኑን ርእስ፣ የድምፃዊውን ስም፣ የአልበሙን ስምና ዓመቱን የያዘ መለያ መጻፍ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ስህተት ቢገኝበትም በማንኛውም ጊዜ ይታረማል። ይህ ጽሑፍ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ ወይም ሚንት በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ለሚሠራና በመደርደሪያው ላይ ከውጭ አገር ሲዲዎች ጎን የአማርኛ ሲዲዎችም ላሉት ሰው የተዘጋጀ ነው። የአማርኛዎቹን ለይቶ ማንሣት ያስፈለገው፣ የዘፈኖቹ ዝርዝር ከኢንተርኔት በራሱ ይመጣል የሚለው የተለመደ ምክር ለእነርሱ ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ ነው።

በቅድሚያ የፋይሉን ዓይነት መወሰን ያስፈልጋል። በሲዲ ላይ ያለው ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ነው፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ስለሚይዝ የግራና የቀኙ ቻናል ሲደመር በሰከንድ ወደ 1,411 ኪሎቢት ይደርሳል፤ ይህም ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ማለት ነው። ፍላክ የሚባለው ቅርጸት ከዚህ ድምፅ ምንም ሳይጥል መጠኑን ብዙውን ጊዜ ከዋናው ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ወደሚሆን ያወርደዋል፤ በመሆኑም የአንድ ሰዓት አልበም ከ300 እስከ 400 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛል፤ ሁለት መቶ ሲዲዎችም በ100 ጊጋባይት ውስጥ በቀላሉ ይገባሉ። ኤምፒ3 ቦታ የሚቆጥበው ከድምፁ ላይ ቀንሶ ስለሆነ፣ የቀነሰውን በኋላ ማስመለስ አይቻልም። ከፍላክ ኤምፒ3 በፈለጉ ጊዜ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ከኤምፒ3 የሚሠራ ፍላክ ግን መጠኑ ይጨምራል እንጂ ጥራቱ አይጨምርም። ሃርድ ዲስክ እንደ ድሮው ውድ ባልሆነበት ጊዜ በቀጥታ ወደ ኤምፒ3 መገልበጥ ለእኔ ትርጉም የለውም።

ዲስኩን ከማስገባትዎ በፊት ከሥር በኩል ያለውን ገጽ ይመልከቱ። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ብርማ ሲሆን፣ በሱቅ ወይም በቤት ራይት የተደረገው ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጥላ አለው። ራይት የተደረገው ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ስለሆነና ይህም ቀለም በብርሃንና በሙቀት ስለሚጎዳ፣ ግልበጣውን ከእነዚህ ዲስኮች መጀመር ይገባል። አቧራና የጣት አሻራ ካለበት፣ ለስላሳ ጨርቅ ይዘው ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ይጥረጉት፤ ዙሪያውን መጥረግ ጭረቱን የንባቡን መሥመር ተከትሎ እንዲሄድ ስለሚያደርገው የከፋ ነው። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለሥረኛው ገጽ ብቻ ቢሆንም፣ አንጸባራቂው ንጣፍ ያለው ጽሑፍ ከታተመበት ገጽ ሥር ስለሆነ፣ በዚያ በኩል የተጫረ ሲዲ አብዛኛውን ጊዜ መዳኛ የለውም።

ለግልበጣው የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች በርካታ ናቸው። በመስኮት መሥራት የሚመርጥ ሰው አሳንደርን ወይም ሳውንድ ጁሰርን ከሶፍትዌር ማከማቻው ጭኖ በጥቂት ደቂቃ ሥራውን ሊጀምር ይችላል። ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት፣ የማያስፈራው ደግሞ ስሙ የመጀመሪያዎቹ አምስት የላቲን ፊደላት የሆነውን ፕሮግራም መጠቀም ይችላል፤ እርሱም አንድ ጊዜ ቅንብሩ ከተጻፈለት ሲዲ በገባ ቁጥር ገልብጦ፣ ጨምቆና ሰይሞ ያወጣል። ስብስቡን አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጦ መገላገል ለሚፈልግ ግን የምመክረው ዊፐርን ነው፤ ይህ ፕሮግራም ሲያነብ የሚጠቀመው ሲዲፓራኖያ የተባለውን የቆየ አንባቢ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ትራክ ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱን ውጤቶች ያነጻጽራል፤ የሥራውንም መዝገብ ከፋይሎቹ ጋር ያስቀምጣል።

ዊፐር ከመጀመሪያው ግልበጣ በፊት ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይፈልጋል። አንደኛው ድራይቩ ያነበበውን በጊዜያዊ ማኅደሩ ይዞ ያንኑ ደግሞ የሚሰጥ መሆን አለመሆኑ ነው፤ ለዚህ የድራይቭ ምርመራ ትእዛዝ አለው። ሁለተኛው ኦፍሴት የሚባለው ነው። ሲዲ አንባቢዎች ንባባቸውን ከትክክለኛው ቦታ ጥቂት የድምፅ ልኬቶች ቀድመው ወይም ዘግይተው ይጀምራሉ፤ ልዩነቱ ለጆሮ የማይሰማ ቢሆንም ለአንድ ሞዴል ቋሚ ስለሆነ፣ ካልታረመ ያንተን ግልበጣ ከሌላ ሰው ግልበጣ ጋር ማመሳከር አይቻልም። ማመሳከሪያው አኪዩሬትሪፕ ይባላል፤ ሌሎች ሰዎች ተመሳሳዩን ሲዲ ሲገለብጡ ያገኟቸውን፣ ከድምፁ የሚሰሉ የማረጋገጫ ቁጥሮች የያዘ መዝገብ ነው። ዊፐር ኦፍሴቱን ፈልጎ የሚያገኘው በዚህ መዝገብ ውስጥ ያለ ዲስክ ሲገባለት ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ ሥራ በዓለም በብዛት የተሸጠ የውጭ አገር አልበም መጠቀም ይሻላል፤ ከሌለዎት ከጎረቤት ተውሰው ሥራው እንዳለቀ ይመልሱ። ውጤቱ አንድ ጊዜ ከተመዘገበ ለዚያ ድራይቭ ዳግመኛ አይጠየቅም።

ከዚህ በኋላ የአማርኛ ሲዲ ሲገባ ሁለት እንቅፋቶች ይመጣሉ። ዊፐር ዲስኩን ሙዚክብሬይንዝ በተባለው የጋራ መዝገብ ውስጥ ፈልጎ ካጣው ሥራውን ያቆማል፤ ያልታወቀ ዲስክ እንዲገለብጥ የሚፈቅደውን አማራጭ በትእዛዙ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። ራይት የተደረገ ዲስክ ሲያጋጥመውም እንዲሁ ይቆማል፤ ለዚያም የተለየ ፈቃድ አለው። ሁለቱንም አማራጮች በእርዳታ ገጹ ላይ ያገኟቸዋል። እንዲህ ያለ ዲስክ በአኪዩሬትሪፕ ውስጥ መኖሩ የማይጠበቅ ስለሆነ፣ የሚቀርዎት ማስረጃ የሁለቱ ንባቦች መግጠም ነው፤ በዊፐር የሥራ መዝገብ ላይ የሁለቱ ንባቦች ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ትራኩን ማመን ይቻላል። ካልገጠሙ ዲስኩን አጽድተው ይድገሙት፤ አሁንም እምቢ ካለ በሌላ ድራይቭ ይሞክሩት፤ አንዱ ድራይቭ ያቃተውን ሌላው ያለ ችግር ሲያነበው ማየት የተለመደ ነው።

ከሱቅ የተገዛ ሲዲ አንዳንዴ ከነጭራሹ የሙዚቃ ሲዲ ላይሆን ይችላል። የብዙ ድምፃውያን ሥራ በአንድ ዲስክ የታጨቀበት የኤምፒ3 ሲዲ የመረጃ ዲስክ ስለሆነ፣ ፋይሎቹን እንደ ማንኛውም ፋይል ኮፒ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ወደ መለያው ስንመጣ፣ ጽሕፈቱ ድምፁን አይነካም። የፍላክ ፋይል የድምፁን የማረጋገጫ ቁጥር በውስጡ ይዟል፤ ርእሱን መቶ ጊዜ ቢቀይሩ ያ ቁጥር አይለወጥም፤ ስለዚህ ያለ ፍርሃት ይሥሩ። ለሥራው ፒካርድና ኪድ3 የተባሉት ፕሮግራሞች ይበቃሉ። ፒካርድ ከሙዚክብሬይንዝ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሲዲውን ከትራኮቹ መነሻ ቦታዎች በሚሰላ መለያ ቁጥር ወይም ዘፈኑን በድምፅ አሻራው ይለየዋል፤ ለውጭ አገር አልበሞች በአንድ ጠቅታ ሁሉንም ይሞላል። በመዝገቡ ለሌለ አልበም ኪድ3 ይመቻል፤ የአልበሙን ትራኮች በሙሉ መርጠው ድምፃዊውን፣ አልበሙንና ዓመቱን በአንድ ጊዜ ከጻፉ በኋላ ርእሶቹን አንድ በአንድ ያስገባሉ። የአማርኛ ፊደል ለመጻፍ አይባስ በተባለው የግቤት ሥርዓት ላይ ኤም17ኤን የሚባለውን ስብስብ ቢጭኑ በላቲን ቁልፎች እንደ ድምፁ የሚያስጽፈውን ሴራ የተሰኘ አጻጻፍ ያገኛሉ።

አንድ ስም እንኳ ከመጻፍዎ በፊት የራስዎን ደንብ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ኮምፒውተሩ «ፀሐይ»ን ከ«ጸሀይ»፣ «ሠርግ»ን ከ«ሰርግ» ለይቶ እንደ ሌላ ቃል ያያቸዋል፤ የአንድ ድምፃዊት ስም በአንዱ ሲዲ በ«ሐ» በሌላው በ«ሀ» ከተጻፈ፣ ማጫወቻው ሁለት ድምፃውያን አድርጎ ይዘረዝራቸዋል። እኔ የምከተለው የዘፈኑን ርእስ በሽፋኑ ላይ እንደታተመ መተው፣ የሰው ስም ግን በሁሉም አልበም ላይ በአንድ አጻጻፍ ማድረግ ነው። በውጭ አገር የታተሙ ሲዲዎች ስሙን በላቲን ፊደል፣ ያውም በየጊዜው በተለያየ አጻጻፍ ስለሚያወጡ፣ በድምፃዊው መስክ የግእዙን ፊደል ብቻ ማስገባትና የላቲኑን ስሞችን በፊደል ተራ ለመደርደር በተለየው መስክ ማኖር ይመረጣል። በዚያም መስክ የአባትን ስም ወደፊት አያምጡ፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ከራሱ ስም ሲያስቀድሙት ሰውየውን ማንም በማያውቀው ስም ያስቀምጡታል።

ዓመቱም ጥንቃቄ ይሻል። በሽፋኑ ላይ 1992 ዓ.ም. የሚል ካለና እርሱን እንዳለ ካስገቡት፣ አልበሙ በስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዶ ከሌሎች አልበሞች ጋር ይደባለቃል። በዓመት መስክ የጎርጎርዮሱን አቆጣጠር፣ በማስታወሻ መስክ ደግሞ በሽፋኑ ላይ ያለውን ማስገባት ይሻላል፤ ወሩ ካልታወቀ ስምንት መደመር ለአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ትክክል ነው።

የበርካታ ድምፃውያን ስብስብ ሲሆን የትራኩ ድምፃዊ እና የአልበሙ ድምፃዊ የሚባሉት ሁለት መስኮች ይለያያሉ፤ በመጀመሪያው የእያንዳንዱን ስም፣ በሁለተኛው ለሁሉም ትራክ «የተለያዩ ድምፃውያን» የሚል አንድ ሐረግ ይጻፉ። ይህ ካልተደረገ የ12 ዘፈን ስብስብ በማጫወቻው ላይ 12 ቁርጥራጭ አልበሞች ሆኖ ይታያል።

የአማርኛ አልበሞች ሽፋን ደግሞ የውጭዎቹ ብዙ ጊዜ የማይሰጡትን ሀብት ይሰጣል፤ ለየዘፈኑ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ በትንሽ ፊደል ተዘርዝሮ ይገኛል። ፍላክ ለገጣሚ፣ ለዜማ ደራሲና ለአቀናባሪ የየራሳቸው መስክ ስላለው፣ ሽፋኑ እጅዎ ላይ እያለ ይሙሏቸው። ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም፣ የአንድን አቀናባሪ ሥራዎች ከሃያ አልበም ውስጥ በአንድ ፍለጋ ማውጣት የሚቻለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ሽፋኑንም ስካን አድርገው ትልቁን ምስል በአልበሙ ፎልደር ውስጥ ይተዉና፣ በፋይሎቹ ውስጥ የሚገባውን ወደ 1,000 ፒክስል ያሳንሱት፤ የ5 ሜጋባይት ምስል በ12 ትራክ ሲባዛ 60 ሜጋባይት ይሆናል።

የፋይል ስሞችን ፒካርድም ሆነ ኪድ3 ከመለያው አንብበው ሊያወጡ ይችላሉ። የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፤ አንድ የግእዝ ፊደል ግን 3 ባይት ስለሚወስድ በተግባር 85 ፊደል ብቻ ይቀርልዎታል፤ ስለዚህ የትራክ ቁጥርና ርእስ ብቻ በስሙ ላይ በቂ ነው። የላቲኑን የጥያቄ ምልክትና ሁለት ነጥብ ከስሙ ያውጡ፤ ለመኪና ቴፕ በሚዘጋጅ ፍላሽ ላይ ተቀባይነት የላቸውም። ብዙ የመኪና ቴፖች የግእዝ ፊደል ማሳየት ስለማይችሉ በርእሱ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይደረድራሉ፤ ለእነርሱ ከፍላኩ ኤምፒ3 አውጥተው የዚያን ቅጂ መለያ በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ ዋናውን አይንኩ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር አልበሞች እንዳለቁ ሁሉንም አርሲንክ በተባለው የፋይል መቅጃ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከዚያም የፍላክን የፍተሻ ትእዛዝ በሁለተኛው ቅጂ ላይ ያስኪዱ። ስህተት የሚል ቃል ሳይወጣ ካለፈ ቀሪዎቹን በዚሁ ሥርዓት ይቀጥሉ፤ የዊፐርንም መዝገብ አያጥፉ፤ አንድ ትራክ ከዓመታት በኋላ ቢያጠራጥር ሲገለበጥ እንዴት እንደነበረ የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው።