የአሜሪካን የፕሬዝዳንት ክርክር ከደብረ ብርሃን ሆኖ እንዴት ማየት ይቻላል

እዛ ዋሽንግተን ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ሌሊት 10 ሰዓት ነው፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ደርቡ። መጀመሪያ ትንሽ ድምፁን አጥፍታችሁ ፊታቸውን ብቻ እዩ፣ በፈረንጆቹ 1960 ኒክሰን ከሆስፒታል በወጣ በሳምንታት ውስጥ ከስቶ ላብ በላብ ሆኖ ነው ከኬኔዲ ጋር የቀረበው፣ ያ ምስል እስከዛሬ ይወራል።

ከዛ በኋላ "እገሌ አሸነፈ" ለማለት አትቸኩሉ። 2012 ላይ ሮምኒ የመጀመሪያውን ክርክር ኦባማን በልጦት ፖል (የመራጮች አስተያየት ጥናት) ላይም ወጥቶ ነበር፣ በመጨረሻ ግን ተሸነፈ፣ ሂላሪ ክሊንተንም 2016 ላይ እንደዛው በክርክር አሸንፋ ምርጫውን አጣችው። አብዛኛው ተመልካች እኮ ቀድሞ ወስኖ ነው ቲቪ የሚከፍተው! ስለዚህ አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቁና ያልወሰኑትን እዩ፣ እነሱንም እንደ ፔንስልቬንያ ባሉ ማን እንደሚያሸንፍ በማይታወቅባቸው ስቴቶች፣ የካሊፎርኒያ ግን አሸናፊው ቀድሞ ስለሚታወቅ ፖሉ ብዙም አይጠቅማችሁም።

ሌላው የተከራካሪውን የራሱን ፓርቲ ሰዎችና ገንዘብ ሰጪዎቹን ተከታተሉ፣ ለኔ ዋናው እሱ ነው። 2024 ሰኔ ላይ ባይደን በክርክሩ ሲንተባተብ ፖሉ ያን ያህል አልወረደም፣ የራሱ ሰዎች ናቸው የደነገጡት፣ ወር ሳይሞላ ከውድድሩ ወጣ። ሌሊት መነሳት ካቃታችሁ ጠዋት ቲክቶክ ላይ የትኛው ቁራጭ እንደሚዞር እዩ፣ ሙሉውን ያላየው ሰው የሚያየው እሱን ነው።