ቅንቅኑ የቱ ነው? ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

እኛ ጎንደሮች በዓይን ለማየት የሚያስቸግረውን፣ የሚያሳክከውን ሁሉ «ቅንቅን» ብለን እናልፋለን። ገበያ ወጥተን «የቅንቅን መድኃኒት» ስንል ሻጩም ያለውን ይሰጠናል። እኔም ቀን በቀን ዶሮዎቼ ላይ ዱቄት ስነሰንስ ሦስት ሳምንት ከርሜ ምንም አልተለወጠም። ለካ የምፈልገው ዶሮዎቹ ላይ አልነበረም።

መጀመሪያ እግር ይቁጠሩ። ያገኙትን በስኮች ነጭ ወረቀት ላይ ይለጥፉና በማጉያ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አጉልተው ይዩት። ስድስት እግርና የተለየ ራስ ያለው ቅማል ነው። ቅንቅን ስምንት እግር አለው፣ አንቴና የለውም፣ ራሱና ሆዱም ሳይለይ አንድ ከረጢት ይመስላል። ግን ይጠንቀቁ፦ ከእንቁላል ገና የወጣ ቅንቅን ስድስት እግር ብቻ ስላለው ትልቁን ፈልገው ይቁጠሩ።

ዶሮዎች ሌሊት ይረበሻሉ፣ ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቷል፣ እንቁላል ቀንሷል

ቀን ላባቸውን ገልጠው ምንም ካጡ፣ ሲመሽ ባትሪ ይዘው የቆጡን ሥር ይዩ። 1 ሚሊ ሜትር የማትሞላ፣ ስትራብ ግራጫ፣ ደም ስትጠግብ ቀይ የምትሆን ነገር ካገኙ ቀይ የዶሮ ቅንቅን ናት። ቀን የእንጨት ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች፣ ሌሊት ትመገባለች። የእኔ ዱቄት ያልሠራው ለዚህ ነበር። ቀንም ዶሮዋ ላይ፣ በተለይ በመቀመጫዋ ዙሪያ በጠቆረ ላባ ውስጥ የሚገኝ ከሆነ ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ ያኔ መታከም ያለባት ራሷ ዶሮዋ ናት።

ለቀዩ፦ የጎጆውን ጭድ አውጥተው ያቃጥሉ፣ የእንጨቱ መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ ያፍስሱ። ቆጡ ግድግዳ አይንካ፤ እግሮቹንም የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ ያቁሙ። ከእንቁላሉ የሚወጣው ስለሚተካ ከሳምንት በኋላ ይድገሙት። ቤቱን ባዶ አድርጎ መተው አያዋጣም፣ ሳትመገብ ለወራት ትቆያለች። አመድና አሸዋ የተሞላ ጉድጓድ ደግሞ ዶሮዎቹ ራሳቸው ይንከባለሉበታል፤ እናቶቻችን ያለ ምክንያት አላደረጉትም።

የዶሮ እግር ቅርፊት ተነሥቶ ሻከረ

ይህ ከቅርፊቱ ሥር የሚቆፍር ክብ ቅንቅን ነው፤ እግሮቹ አጭር ከመሆናቸው የተነሣ ከሰውነቱ ጎልተው አይታዩም። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፈው በለስላሳ ብሩሽ ይሹት፣ ከዚያ ለሳምንታት ቫዝሊን ይቀቡት። ቅርፊቱን በጥፍር አይንቀሉ።

ፍየል ወይም በግ ያካል፣ ፀጉሩ ይረግፋል

እዚህ ዓይን አይበቃም፤ ባለሙያ ቆዳውን እስኪደማ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያያል። ክብ፣ የኋላ እግሮቹ ከሰውነቱ ጠርዝ የማያልፉ ከሆነ ቆዳ ውስጥ የሚቆፍረው የእከክ ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፊትና ከጆሮ ይጀምራል። ሞላላ ሆኖ እግሮቹ ሁሉ ረዝመው ከወጡ ቆዳ ላይ የሚኖረው ነው፣ ፀጉር የበዛበትን ቦታ ይወዳል። ቅርፊት ሳይኖር ቆዳው እብጠት ብቻ ካወጣና እንደ ሲጋራ የረዘመ ነገር ከታየ ሦስተኛው ዓይነት ነው፣ ለማከምም ይከብዳል። ለሁለቱ የመጀመሪያዎቹ የአይቨርሜክቲን መርፌ የተለመደ ነው፤ መጠኑን ባለሙያው በክብደት ይወስን። ወተቱና ሥጋው ስንት ቀን እንደማይበላም መጠየቅ አይርሱ። የመጀመሪያው ዓይነት ሰውንም ስለሚያሳክክ ከነካኩ በኋላ እጅዎን ይታጠቡ።

ንብ ጀርባ ላይ ቀይ ቡናማ ነጥብ

ብዙ ንብ አናቢ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ሁለት ፍጥረታት ይመሳሰላሉና። አንዷ ቫሮአ የምትባል የንብ ቅንቅን ናት፤ ቅርጿ እንደ ምስር ነው፣ ግን እጅግ ታንሳለች፦ ቁመቷ 1.1፣ ወርዷ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ወርዷ ከቁመቷ ስለሚበልጥ በጎን የተኛች ትመስላለች፣ ስምንቱ እግሮቿም ከሥሯ ይደበቃሉ። የንብ ቅማል የሚባለው ደግሞ ክንፍ የሌለው ዝንብ ነው፤ ስድስት እግሮቹን ዘርግቶ ይሮጣል፣ ከንቧ አፍ ምግብ ይሻማል።

ካልለዩ የታሸገውን የድንጉላ (የወንድ ንብ) እጭ በሹካ ይክፈቱ። ነጩ ሙሽሬ (ወደ ንብ እየተለወጠ ያለው እጭ) ላይ ቡናማዋ ከተጣበቀች ቫሮአ ናት፤ የንብ ቅማል እዚያ አይገባም። ብዛቷን ለማወቅ ንግሥቷ እንደሌለችበት አረጋግጠው ግማሽ ብርጭቆ ንብ ወንፊት ክዳን ባለው ማሰሮ ከተፈጨ ስኳር ጋር ያንከባሉ፣ ከዚያ ነጭ ሳህን ላይ ያራግፉ።

መፍትሄው? ለንብ ቅማል የማሩን እንጀራ ክዳን ማንሳትና መንጋውን ማጠንከር ይበቃል። ለቫሮአ በዘመናዊ ቀፎ የድንጉላውን እንጀራ ቆርጠው ያውጡ። አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ማር በሚገባበት ሰዓት ኬሚካል አያስገቡ፤ ሰሙ ይዞ ይቀራል።

የቲማቲም ቅጠል ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ካወጣና ከሥሩ ቀጭን ድር ካለ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ቅንቅን ነው። ቅጠሉን ከሥር በውሃ ይጠቡ፤ ተራ የፀረ ተባይ መርጫ የሚበሏትን ጠላቶቿን ጨርሶ ያባብሰዋል።

አሁንም ካልለዩ የተያዘውን 70 በመቶ አልኮል ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ይክተቱ፤ የተፋቀ ቆዳ ከሆነ ግን አልኮል ሳይጨምሩ በጥብቅ ክዳን ይያዙት። ቀኑን፣ ቦታውንና ከየትኛው እንስሳ እንደተገኘ ጽፈው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይሂዱ።