የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ ሲያፈስ፦ አውቶማቲክ መዝጊያ የቱን? ካልሠራስ?

ምልክት፦ ጠዋት ሲነሱ መታጠቢያ ቤቱ ውሃ ተኝቶበታል፤ ማሽኑ ግን ማታ አልሠራም

በፈረቃ ውሃ በሚያገኙት በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ቅድሚያ የሚጠረጠረው ሌሊት የሚመለሰው ውሃ ነው። ውሃ በጠፋበት ቀን የማሽኑ ቧንቧ ሳይዘጋ ይቀራል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውሃው ሲመለስ መስመሩ ውስጥ የቆየውን አየር እየገፋ ይመጣል፤ ምቱ የሚያርፈው ያረጀ ጎማ ወይም የደረቀ ጎሚኒ (መጋጠሚያው ውስጥ ያለ የጎማ ቀለበት) ላይ ነው። ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን የማስገቢያ ጎማው ቧንቧው ክፍት እስካለ ድረስ ግፊት ተሸክሞ ያድራል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

መዝጊያ፣ ማለትም ውሃ ሲፈስ መስመሩን ራሱ የሚዘጋ ዕቃ፣ ከመግዛትዎ በፊት ጎማው ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያ ይዩ። ቧንቧውን ዘግተው የጎማውን ራስ ይፍቱና ጎሚኒውን በጥፍርዎ ይጫኑት። ካልሰረጎደ፣ ወይም የቧንቧው ከንፈር ቀለበት ቀርጾበት ከሆነ ይለውጡት። ማሽኑ ጋ የሚታሰረው ባለ ¾ ኢንች ጥርስ ቴፍሎን አይፈልግም፤ ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒው ነው። ቴፍሎን የሚጠቀለለው ከግድግዳው በሚወጣው ባለ ½ ኢንች ጥርስ ላይ ብቻ ነው። በእጅዎ እስኪጠብቅ ካሰሩ በኋላ በፒንሳ ሩብ ዙር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲጠብቅ የፕላስቲኩ ራስ ይሰነጠቃል። ቧንቧውን ከፍተው መጋጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ይጠቅልሉና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍቱ ያሳያል።

ጎማው 5 ዓመት ካለፈው፣ ካበጠ ወይም ብረት ማሰሪያው ከዛገ ደህና ቢመስልም ይውጣ።

የቱን ልግዛ?

የሱቁ ሰው ስለ ማንቂያ ድምፁና ስለ ስልክ አፑ ያወራል። እርስዎ መጀመሪያ ውሃዎ ከየት እንደሚመጣና በምን ግፊት እንደሚመጣ ይወቁ። ከሮቶ በራሱ ክብደት የሚወርድ ውሃ በየ1 ሜትር ከፍታ ወደ 0.1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ይሰጣል። የሮቶው የውሃ ልክ ከማሽኑ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ያለዎት 0.3 ባር ነው። የማሽኑ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ዝቅተኛውን ግፊት ይነግርዎታል፤ 0.05 ሜጋ ፓስካል የሚል ከሆነ 0.5 ባር ማለት ነው፤ 0.3 ባር አይበቃውም።

ውሃዎ ከሮቶ ያለ ፓምፕ የሚወርድ ከሆነ የተሻለው ምርጫ ይህ ነው፦ ወለል ላይ የሚቀመጥ ሴንሰርና በሞተር የሚዞር ቦል ቫልቭ (ቀዳዳ ያላት ኳስ ዞራ ውሃውን የምትከፍትበትና የምትዘጋበት)። ቦል ቫልቭ ሲከፈት ውስጡ ክፍት ቀዳዳ ስለሆነ ግፊት አይበላም። መብራት በሄደበት ሰዓት የሚዘጋው ግን በአብዛኛው ባትሪ ያለው ነው፤ ባትሪ የሌለው ብዙ ጊዜ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ያለ ባትሪ አይግዙ።

በፓምፕ ወይም በቀጥታ ከመስመር ለሚያገኝ ቤት ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ) ይበቃል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የሚዘጋውን ዓይነት ይጠይቁ። ይህን ከማሽኑ ጋር በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሥር ማድረግ ጥሩ ዘዴ ነው፦ አጥበው ሲጨርሱ ሲያጠፉት ውሃውም አብሮ ይዘጋል፤ ሌሊት ውሃ ቢመጣ ጎማው ባዶ ነው። ሶኬቱ ግን ወለል ላይ አይሁን።

አኳስቶፕ የሚባለው፣ የውስጡ ጎማ ሲያፈስ ራሱ የሚዘጋው ድርብ ጎማ ለተከራይ ምቹ ነው፤ ግድግዳ አይነካም፣ ቤት ሲለቁ ይዘውት ይሄዳሉ። የሚጠብቀው ግን ራሱን ጎማውን ብቻ ነው። የሚያልፈውን ሊትር ቆጥሮ የሚዘጋው ዓይነት ደግሞ ፈረቃ ባለበት ሰፈር አይመከርም። አየርና ውሃ ተቀላቅሎ ሲመጣ ቆጠራው ይዛባል፤ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠበውንም ላያየው ይችላል።

ምልክት፦ መዝጊያው ከተገጠመ ወዲህ ማሽኑ ውሃ አልሞላ አለ

ሶሌኖይድ ከሆነ አብዛኞቹ ለመከፈት ራሳቸው ከ0.2 እስከ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋሉ። የሮቶው ውሃ ይህን ካላሟላ ቫልቩ «ጭጭ» እያለ በግማሽ ይከፈታል ወይም ጭራሽ አይከፈትም። መፍትሄው ከዜሮ ግፊት ጀምሮ የሚሠራ ቫልቭ ወይም ቦል ቫልቭ መግጠም ነው። ቫልቩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማሽኑ ማመልከቱንም ያረጋግጡ፤ ተገልብጦ የተገጠመ ሶሌኖይድ በትክክል አይሠራም።

ቀስቱም ግፊቱም ደህና ከሆነ ወንፊቱን ይዩ። ማሽኑ ላይ ጎማው የሚታሰርበት ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለ። ውሃ በተመለሰ ቁጥር ዝገትና ደለል እዚያ ይሰበሰባል። በፒንሳ ጫፍ ቀስ ብለው ይሳቡት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት፣ ይመልሱት። ውሃ ከጠፋ በኋላ ሲመለስ ቀድመው የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፍተው የደፈረሰውን ያፍስሱ፤ የማሽኑ ተራ ከዚያ በኋላ ነው።

ምልክት፦ ምንም ሳይፈስ ይዘጋል

ሴንሰሩ ሁለት ብረቶች አሉት፤ ውሃ ሲያገናኛቸው ይዘጋል። ወለሉ በታጠበ ቁጥር ከዘጋ ቦታው ተሳስቷል። ገላ ከሚታጠቡበት ራቅ አድርገው ከማሽኑ ሥር ወደ ኋላ ያስገቡት። ደረቅ ሆኖም ከዘጋ የሳሙና ዱቄት ብረቶቹ መካከል ሽፋን ሠርቷል፤ በኮምጣጤ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉና ያድርቁት።

ሊትር የሚቆጥረው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የማስወጫ ቱቦውን ይዩ። ወለል ላይ ተጥሎ ወደ ፍሳሽ ቀዳዳ የገባ ቱቦ ውሃውን ከከበሮው እየሳበ ያወጣዋል፤ ማሽኑ ይሞላል፣ ይፈሳል፣ ይሞላል፣ መዝጊያውም ተሸብሮ ይዘጋል። የቱቦውን መታጠፊያ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ግድግዳው ላይ ይሰሩት።

ምልክት፦ ወለሉ ጎረፈ፣ መዝጊያው ግን ዝም አለ

ብዙ ጊዜ ውሃው ሴንሰሩን ሳይነካ ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው ሄዷል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከማሽኑ ኋላ አፍስሰው የሚሄድበትን መንገድ ይከታተሉ፤ ሴንሰሩ እዚያ መንገድ ላይ ይቀመጥ። ቀጥሎ ባትሪውን ይዩ። ሦስተኛው ጥርጣሬ የተጣበቀ ቫልቭ ነው፦ ውሃዎ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ከሆነ ቅርፊቱ ቦሉን ይይዘዋል። በወር አንድ ጊዜ ሴንሰሩን በእርጥብ ጨርቅ ነክተው ይዝጉት፤ ከዚያ ጎማውን ከማሽኑ ፈትተው ባልዲ ውስጥ ይያዙ። የቀረው ከወረደ በኋላ በ5 ደቂቃ አንድ ጠብታ እንኳ ከወጣ ቫልቩ በደንብ አልዘጋም።

ምልክት፦ የአኳስቶፕ ጎማው የምልክት መስኮት ቀይ ሆነ

የውስጡ ጎማ አፍስሷል፣ መዝጊያውም ሥራውን ሠርቷል። በውሃ የሚያብጠው ዓይነት አይጠገንም፤ አድርቆ መልሶ ለመጠቀም መሞከር ከንቱ ነው፤ አዲስ ይገዛል። ገመድ ያለው ኤሌክትሪካዊው ከሆነ በምንም ምክንያት አይቁረጡት፣ አይቀጥሉትም፤ ውስጡ 220 ቮልት ሊኖር ይችላል።

ምልክት፦ መዝጊያው ዘግቷል፣ ውሃው ግን ከማሽኑ ሥር መውጣቱን ቀጠለ

ይህ ውሃ ቀድሞ ከበሮው ውስጥ የገባው ነው፤ የትኛውም መዝጊያ አይመልሰውም። የበሩን ጎማ፣ ከፊት በታች ያለውን የፓምፕ ማጣሪያ ክዳንና የማስወጫ ቱቦውን ማሰሪያ በቅደም ተከተል ይፈትሹ። ክዳኑን ከመፍታትዎ በፊት ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ዝርግ ሳህን ከሥሩ ያድርጉ፤ ከበሮው ውስጥ የተኛው ውሃ በአንዴ ይወርዳልና። እርስዎ ሲፈትሹ ከታች ያለው ጎረቤት ኮርኒሱን እንዲያይ ይንገሩት፤ ነጠብጣቡ እዚያ ቀድሞ ሊታይ ይችላል።