እሳት ያየ ሁሉ አይቆይም፦ በማይክሮዌቭ ፒክል ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቆቦ መስኖ የሚመጣው ሽንኩርት ደሴ ገብቶ ዋጋው ሲወርድ፣ አንድ ኪሎ ብቻ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ብዙም አይታይም። እኔም ዘንቢሌን ሞልቼ፣ ካሮትና አበባ ጎመን ከላዩ ደርቤ፣ ዳገቱን እያለከለክኩ ከወጣሁ በኋላ የሚጠብቀኝ ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ይህ ሁሉ ሳይበላሽ በምን ያልቃል? ፒክል የጀመርኩት ለዚህ ነው። ፒክል ስል በአቼቶ፣ በጨውና በጥቂት ስኳር ውሃ ተዘፍዝፎ የሚበላ አትክልት ማለቴ ነው። በጾም ወቅት ከሽሮ አጠገብ ሲቀርብ ከቃሪያ ስንግ ጋር ቦታ ይሻማል። አንዲት ዘመዴ ትታልኝ የሄደችው ማይክሮዌቭ ደግሞ የትናንት ወጥ ከማሞቅ በቀር ሥራ አልነበረውም። በእርሱ ሲሠራ ከመክተፍ እስከ መክደን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ያሳሳተኝም ይኸው ቅለቱ ነው፤ በመጀመሪያው ወር ከበላነው የደፋሁት ይበልጣል።

ከሁሉ የከፋው ስህተቴ ማይክሮዌቩ አትክልቱን የሚያቆይልኝ መስሎኝ ነበር። ብቻዬን አልተሳሳትኩም። ጎረቤቴ እትዬ (ስማቸውን አልጠራም፤ እንዲሁም ማን እንደሆኑ ሰፈሩ ያውቃል) ሦስት የማርማላታ ብልቃጥ በፒክል ሞልቼ ሲያዩ «ልጄ፣ እሳት ያየ ነገር ምን ይሆናል ብለሽ ነው? መደርደሪያው ላይ ደርድሪው» አሉኝ። ደረደርኩት። በአሥረኛው ቀን የአንደኛው ክዳን ወደ ላይ አብጦ፣ ውሃው ደፍርሶ፣ ትንንሽ አረፋ ከሥር ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ሦስቱንም ሳልቀምስ ደፋሁ። የተበላሸ መሆኑን ለማረጋገጥ መቅመስ ራሱን የቻለ ስህተት ነው።

ቆይቼ ሳስበው የገረመኝ፣ የእኛም እናቶች ምግብ የሚያቆዩት በእሳት ብቻ አለመሆኑ ነው። ቋንጣው በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ይደርቃል፤ ድርቆሹ ፀሐይ ይመታዋል፤ ስልጆው ይብላላል። ወይ ውሃውን ማስወጣት ነው፣ ወይ ማኮምጠጥ ነው። ፒክልንም የሚጠብቀው የአቼቶው አሲድና የማቀዝቀዣው ብርድ ነው እንጂ ሙቀቱ አይደለም። ሙቀቱ ጨውና ስኳሩን ያሟሟል፣ የቅመሙን መዓዛ ያወጣል፣ አትክልቱ አቼቶውን ፈጥኖ እንዲጠጣ ያደርጋል፤ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል።

ደግሞም የደሴ እሳት ከቆላው ይልቅ ደካማ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ብንወርድ 94 ቢደርስ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ግን በጠንካራ ሽፋን ውስጥ ተኝቶ 100 ዲግሪንም ችሎ ያልፋል። የሚመቸውም አየር ያጣ፣ የተከደነና አሲድ የሌለው ቦታ ነው። የአሲድነት መለኪያው፣ ማለትም ፒ ኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል)፣ ከ4.6 በታች ሲሆን ግን ማደግ አይችልም። በዚህ ላይ ማይክሮዌቭ እኩል አያሞቅም፤ ዳሩ ሲንተከተክ መሐሉ ለብ ብሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በማይክሮዌቭ የተሠራ ፒክል ከቀዘቀዘ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ይኖራል፤ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥም ይበላል።

«የደሴ ብርድ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው» የሚለውንም ቀልድ እውነት አድርጎ የያዘ አለ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የማታ ንፋስ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ቢሆንም፣ ኩሽና ውስጥ ቀን ላይ ያለው ሙቀት ከማቀዝቀዣው 4 ዲግሪ ጋር የሚወዳደር አይደለም። መብራት ሲጠፋስ? በሩ ካልተከፈተ ማቀዝቀዣ ለአራት ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል። ስለዚህ «ቀዝቅዞ ይሆን?» እያሉ በየአሥር ደቂቃው መክፈት ነው የሚያጠፋው። ልጆቹን አደራ።

ወደ አቼቶው ልምጣ፤ ሰው በብዛት የሚያበላሸው እዚህ ነው። ሱቅ ሄደው ሲገዙ ጠርሙሱ ላይ የአሲዱ መጠን 5 በመቶ የሚል ይፈልጉ። መጠኑ ያልተጻፈበትን፣ በሌላ ጠርሙስ የተገለበጠውን፣ «ይህ ጠንካራ ነው፣ በውሃ በጥብጪው» ተብሎ የሚሸጠውን እኔ አልገዛም። በውሃ ያልቀጠነ አሲድ ጉሮሮና ዓይን ያቃጥላል፤ ቤት ውስጥ በግምት የሚበጠበጥ ነገር አይደለም። እኔ ግማሽ ኪሎ ለሚሆን አትክልት አንድ ኩባያ አቼቶ፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨውና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር እጠቀማለሁ። ውሃው ከአቼቶው ሲበልጥ ግን ጨዋታው ይቀየራል። እትዬ ቀምሰው «ኧረ ይኮመጥጣል፣ ውሃ ጨምሪበት» ያሉኝ ቀን አንድ ኩባያ ሙሉ ጨመርኩ፤ ጣዕሙ ለሰለሰ፣ መከላከያውም አብሮ ለሰለሰ። ኮምጣጤነቱ ከበዛ ስኳር ይጨመርበታል። ስኳር አሲዱን ሳይቀንስ ምላስን ያታልላል።

አሁን ወደ ዕቃው። ክዳኑን ጠምዝዞ ብልቃጡን ማይክሮዌቭ ውስጥ ማስገባት ቦምብ መሥራት ማለት ነው፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። የብረት ክዳንማ ጭራሽ መግባት የለበትም። ብረት አለመሆኑን እርግጠኛ በሆንኩበት ዕቃ ደግሞ እንዲህ ተሞኘሁ፦ ጥቂት አቼቶ ብቻ ላሞቅ ፈልጌ ያገኘሁት ሲኒ ነበር፤ ያ ከንፈሩ በወርቅ ቀለም የተቀባው፣ በየቤታችን ረከቦት ላይ የሚደረደረው። ገና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ሰማያዊ ብልጭታ ዙሪያውን ዞረው። ያ ወርቃማ መስመር ብረት ያለበት ቀለም ነው። ሲኒው ጠቁሮ ቀረ፤ ከስድስቱ አንዱ ስለጎደለ ቡና ሳፈላ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። የአይስክሬምና የቅቤ ፕላስቲክ ዕቃም ትኩስ አቼቶ የሚቀመጥበት አይደለም፤ ሙቀት እንዲችል ተብሎ አልተሠራም። የሚሻለው ጌጥ የሌለው ጎድጓዳ የመስታወት ሳህን ነው፤ እርሱም ከግማሽ በላይ አይሞላም፣ ሲፈላ ይገነፍላልና። ከላዩ ሳህን ጣል ማድረግ ይበቃል። የፈላውን ወደ ብልቃጥ ሲገለብጡ ደግሞ ብልቃጡን አስቀድመው በሙቅ ውሃ ያለቅልቁት። የደሴ ጠዋት ያቀዘቀዘው መስታወት የፈላ ነገር ሲፈስበት ጧ ብሎ ይሰነጠቃል።

ቃሪያ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡ። ይህን በአጭሩ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በሩን ስከፍት የተቀበለኝን ጢስ የመሰለ እንፋሎት የቀመሰው ያውቀዋል። የቃሪያው ማቃጠያ ከአቼቶው እንፋሎት ጋር ሲወጣ በርበሬ ሲታመስ ከሚያስነጥሰው በምንም አያንስም። ቤት ውስጥ የነበርነው ሁሉ እያሳልን በረንዳ ላይ ወጣን። ቃሪያው ተሰንጥቆ ብልቃጡ ውስጥ ይቀመጥና ትኩሱ መዘፍዘፊያ ይፈስበታል፤ በቃ።

ሌላው የደቂቃ ነገር ነው። አንድ ሰው «አምስት ደቂቃ» ሲል በየትኛው ማይክሮዌቭ እንደሆነ አይነግርም። 1,000 ዋት በሆነው አምስት ደቂቃ የሚወስደው፣ እንደ እኔው 700 ዋት በሆነው ሰባት ደቂቃ ይፈልጋል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከበሩ ውስጠኛ ጎን ወይም ከጀርባው ይገኛል። እኔ መጀመሪያ አቼቶውን፣ ውሃውን፣ ጨውና ስኳሩን ብቻ አማስዬ እስኪፈላ አሞቃለሁ። ከዚያ ካሮትና አበባ ጎመን ይገቡና ሁለት ደቂቃ፤ መሐል ላይ አውጥቼ አማስላለሁ። ቀይ ሽንኩርት ግን እሳቱን ማየት የለበትም። በቀጭኑ ተከትፎ ትኩሱ ከፈሰሰበት ይበቃዋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጽጌረዳ መስሎ ይገኛል። ሁሉንም አንድ ላይ ጨምሮ ስምንት ደቂቃ ማንተክተክ አትክልት አልጫ ይሰጣል እንጂ ሲታኘክ ቅርጭ የሚል ፒክል አይሰጥም። ኪያር ለሚወድ ደግሞ፣ አበባው የነበረበትን ጫፍ ትንሽ ቆርጦ መጣል ይጠቅማል፤ ኪያሩን የሚያልፈሰፍሰው ኢንዛይም በዚያ በኩል ይበዛል።

ስለ ጨው ብዙ አልልም። አዮዲን ያለበት ጨው ውሃውን ትንሽ ያደፈርሰው ይሆናል፤ አይጎዳም። ከአፋር የሚመጣውን ድፍን ጨው የሚጠቀም ግን አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ያሟሟውና ያጥልለው፣ አሸዋው ጥርስ እንዳይሰብር። (አያቶቻችን አሞሌውን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር፤ እኔ ግን ለአሸዋው አልከፍልም።) ቅመም እንደ ቤቱ ነው፦ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሰናፍጭ፣ አንድ ሁለት ፍሬ ኮረሪማ። በደቀቀ ቅመም ፈንታ ድፍኑን መጠቀም ውሃውን ያጠራዋል።

ነጭ ሽንኩርት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሲሆን ደንግጠው የሚደፉ አሉ። ይህ ራሱ ስህተት ነው፤ በሽንኩርቱ ውስጥ ያለው የድኝ ውሕድ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ቀለም ነውና ይበላል። ሊያስደነግጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርትን በዘይት ብቻ ዘፍዝፎ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማቆየት ነው፤ ዘይቱ አየሩን ይዘጋል፣ አሲድ የለም፣ ያ ከላይ ያነሳሁት ባክቴሪያ የሚሻውም ይህንኑ ነው።

ብልቃጡ ባዶ ሲሆን የቀረውን ውሃ «ይህን ያህል አቼቶ እንዴት ይደፋል» ብሎ አዲስ አትክልት መጨመር የቆጣቢ ሰው ስህተት ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ኪያር 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ያ ውሃ ቀስ እያለ ወጥቶ አሲዱን አቅጥኖታል፤ ሁለተኛው ዙር የሚቀመጠው በደከመ መዘፍዘፊያ ውስጥ ነው። ከቆጫችሁ በዚያው ቀን ሰላጣ ላይ አፍስሱት። ወጥ በነካ እጅ ወይም በእንጀራ ጉርሻ ብልቃጥ ውስጥ መግባትም እንዲሁ ነው፤ ንጹሕና ደረቅ ማንኪያ ይበቃል።

የመጨረሻው ስህተት ፒክሉ የተሠራበትን ቀን አለመጻፍ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ብልቃጥ ተደርድሮ የትኛው እንደሚቀድም የሚያውቅ የለም። እትዬ አሁን ወረቀት ያልተለጠፈበትን ከእጄ አይቀበሉም፤ ቆጠራቸው ግን የራሳቸው ነው። በወሩ 21፣ በማርያም ዕለት የተሠራው በሚቀጥለው ወር 12፣ ለሚካኤል ማለቅ አለበት ይላሉ፤ ብቆጥረው ልክ 21 ቀን ሆኖ አገኘሁት። ከግድግዳው ማዶ ያለችው ሌላዋ ጎረቤቴ ደግሞ በጁምዓ ትቆጥራለች። «ሦስተኛው ጁምዓ ደረሰ፣ ብልቃጡን ልመልስልሽ?» ብላ በአጥሩ ላይ ስትጣራ፣ ውስጡ አንድ ቁራጭ ካሮት እንኳ ቀርቶ አያውቅም።