ስለ ሲሊያ ስናጠና ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሲሊያን (ከሴል ላይ ወደ ውጭ የሚወጡትን ቀጫጭን ዘንጎች፣ አንዱ ሲሊየም ይባላል) "የሴል ፀጉር" ብሎ ማስረዳት ለጀማሪ ደስ ይላል ግን ብዙው ስህተት የሚመጣው ከዚችው ቃል ነው፣ ፀጉር ሲባል የሞተ ነገር ነው የሚታሰበን፣ ሲሊየም ደሞ የሴሉን ሜምብሬን የለበሰ፣ ውስጡ በማይክሮቱቡል (ከፕሮቲን በተሰሩ ጥቃቅን ቱቦዎች) የቆመ፣ ህይወት ያለው የሴሉ ክፍል ነው።

መጀመሪያ፣ ስራው መወዛወዝ ብቻ ይመስለናል። የመተንፈሻ ቱቦ ላይ ያሉት እውነት ነው ይወዛወዛሉ፣ አክታና አቧራ ወደ ላይ እየገፉ ያወጣሉ። ግን አብዛኛው የሰውነታችን ሴል ያለው አንድ የማይንቀሳቀስ ሲሊየም ነው፣ ፕራይመሪ ሲሊየም የሚባለው፣ እሱ መልእክት የሚቀበል አንቴና ነው በሉት። ዙሪያውን 9 ጥንድ ማይክሮቱቡል ኖሮ መሃል ላይ 2 ካለ 9+2፣ መሃሉ ባዶ ከሆነ 9+0 ይባላል። ደሞ "9+2 ይንቀሳቀሳል፣ 9+0 አይንቀሳቀስም" ብላችሁ ብቻ እንዳትሸመድዱ፣ ፅንስ ላይ ግራና ቀኝ እንዲለይ የሚያደርጉት ሲሊያ 9+0 ሆነው ይሽከረከራሉ።

ማይክሮቪላይን (ሴል ላይ ያሉ ሌሎች ጣት መሰል ትንንሽ ነገሮችን) ሲሊያ ነው ማለትም አለ፣ የእሱ ውስጡ አክቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ሌላ ነገር ነው።

ሌላው፣ ሲሊየም የሚያስፈልገውን ፕሮቲን እዛው የሚሰራ ይመስለናል። ውስጡ ሪቦዞም (ፕሮቲን የሚሰራው) የለም! ሁሉም ነገር ከሴሉ ተሰርቶ ነው የሚጫነው፣ ካይነሲን-2 የሚባል ሞተር ፕሮቲን ወደ ጫፍ ይወስዳል፣ ዳይኒን-2 የሚባል ሌላ ሞተር ይመልሳል፣ ይሄ ዳይኒን ደሞ ሲሊያን ከሚያወዛውዘው ዳይኒን የተለየ ነው፣ አታምታቱት። ምልልሱን እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ ያዩት ክላሚዶሞናስ የምትባል አልጌ ላይ ነው። ሲሊየሙ አድጎ ካለቀ በኋላ ትራንስፖርቱ ይቆማል ማለትም ስህተት ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው ቱቡሊን (ማይክሮቱቡል የሚሰራበት ፕሮቲን) ሁሌ ስለሚቀየር ጭነቱ ከቆመ ሲሊየሙ እያጠረ ይሄዳል።

ለኔ ትልቁ ስህተት ግን ትራንስፖርትና ሲግናልን ለየብቻ ማጥናት ነው። ሄጅሆግ የሚባለውን ሴል ከሴል የሚቀበለውን መልእክት እዩት፣ መልእክቱ ሳይመጣ በፊት ሲሊየሙ ላይ ያለው ፓችድ የሚባል ፕሮቲን ነው፣ መልእክቱ ሲመጣ ፓችድ ይወጣል ስሙዝንድ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይገባል ከዛ ግሊ የሚባሉት ፕሮቲኖች ወደ ኒውክለስ ሄደው ጂን ያስነሳሉ፣ ማለትም ሲግናሉ ራሱ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለው ነው። ጭነቱ ሲበላሽ በሽታ እንደሚመጣም ታይቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ኩላሊታቸው ውሃ የሚቋጥር አይጦች ላይ የተበላሸው ጂን ሲታይ ያችው አልጌ ለጭነት የምትጠቀምበት ፕሮቲን ጂን ሆኖ ተገኘ፣ የኩላሊታቸው ሲሊያም አጭር ነበር።