ለሃሎዊን ማታ የሸረሪት ፓስታ

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ በሃሎዊን ማታ ልጆቹ ከረሜላ ሊሰበስቡ ከመውጣታቸው በፊት ይህን አብሏቸው።

የበሬ ሆት ዶግ በ3 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ጥሬ ስፓጌቲ ለሁለት ሰብራችሁ በየቁራጩ 4 ዘንግ አሳልፉ፤ በሁለቱም በኩል ሲወጣ የሸረሪት 8 እግር ይሆናል። መሰካቱን ለልጆቹ ተዉላቸው፣ ትልቁ ደስታ እሱ ነው። ከዚያ በጨው ውሃ ቀቅሉት። ሥጋው ውስጥ ያለው ፓስታ ቶሎ ስለማይበስል ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው 2 ደቂቃ ያህል ጨምሩ።

ሱጎውን ከሥር አድርጉት፣ ከላይ ከፈሰሰ እግሮቹ ይሸፈናሉ። ክብ የተቆረጠ የተቀቀለ እንቁላል ላይ ጥቁር ወይራ ጣል ብታደርጉ የሚያፈጥ ዓይን ይወጣዋል።

አደራ፣ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሆት ዶጉን በቁመቱ ለአራት ሰንጥቃችሁ ስጡት። ክቡ ቁራጭ ጉሮሮ ይዘጋል።