«የሀበሻ ነው?» እንቁላል ገዢዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

በጓሮዬ 35 ዶሮዎች አሉ። ግማሾቹ የሀበሻ ናቸው፤ የቀሩት ብዙ እንዲጥሉ የተዳቀሉ ቡናማ ዶሮዎች። አንድ ግቢ ይውላሉ፣ አንድ መኖ ይበላሉ፣ ማታ አንድ ቆጥ ላይ ይሰፍራሉ። ደንበኞቼ በር ላይ ቆመው የሚጠይቁኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሀበሻ ነው?» እንቁላሉ መቼ እንደተጣለ የጠየቀኝ ሰው በጣት ይቆጠራል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የአስኳል ነገር ነው። አንድ ጥር ላይ እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ከሀበሻዎቹ እንቁላል ወሰዱ። በማግስቱ ሳህን ይዘው ተመለሱና «ልጄ፣ ምነው የፈረንጅ ሰጠሽኝ? አስኳሉ እኮ ነጭ ነው» አሉኝ። ሣሩ ደርቆ ነበር፤ ዶሮዎቹ ስንዴና ነጭ በቆሎ ሲለቅሙ ነው የከረሙት። አልተከራከርኩም። ለሁሉም የጎመን ቅጠልና አልፋልፋ እየጨመርኩ ሦስት ሳምንት ቆየሁና ቡና ጠራኋቸው። ከቡናማዎቹ እንቁላል ጠብሼ አቀረብኩላቸው። አስኳሉ ወርቅ መስሏል። «እንዲህ ነው እንጂ የሀበሻ!» ብለው መረቁኝ። ከየትኛዋ ዶሮ እንደሆነ ስነግራቸው «አትቀልጂ» አሉኝ፤ እስከ ዛሬም አላመኑም።

የአስኳል ቀለም የሚመጣው ዶሮዋ ከምትበላው ነው፤ ከቢጫ በቆሎ፣ ከለምለም ቅጠል፣ ከቀይ በርበሬ። ትልልቅ የመኖ ፋብሪካዎች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። በመኖው ላይ የአበባና የበርበሬ ቀለም እየጨመሩ አስኳሉን ገበያው ወደሚወደው ድምቀት ያደርሱታል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ፣ ከነጣ ቢጫ እስከ ደማቅ ብርቱካናማ በቁጥር የተደረደረ የቀለም መለኪያም አላቸው። ሜዳ ውላ ነፍሳትና ቅጠል የለቀመች ዶሮ እንቁላል በአንዳንድ ንጥረ ነገሮች ሊሻል ይችላል፤ ይህን አልክድም። ቀለሙን ብቻ አይቶ ግን ሜዳ ውላለች ብሎ መማል አይቻልም። ስለዚህ እባካችሁ፣ እንቁላል ሰብራችሁ ነጋዴውን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ወቅቱን ተመልከቱ።

ትንሽ መሆኑም ምስክር አይሆንም። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ማንኛዋም ቄብ መጣል ስትጀምር የምትጥለው ትንሽ ነው፤ እያደገ የሚሄደው በኋላ ነው። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ የቄቦቹን ለይቶ በሀበሻ ዋጋ ይሸጥላችኋል። የቅርፊቱ ቀለም ደግሞ የዘር ጉዳይ ነው፤ ስለ ጣዕሙም ሆነ ስለ ትኩስነቱ ምንም አይነግራችሁም።

አስኳሉ ላይ የደም ነጥብ አይታችሁ «ጫጩት ሊሆን ነበር» የምትሉም አላችሁ። አይደለም፤ እንቁላሉ ሲሠራ የፈነዳች ቀጭን የደም ሥር ናት። አውጥታችሁ ጥብሱን ቀጥሉ።

«የጓሮ ከሆነ ንጹህ ነው» የሚለውን ስሰማ፣ ራሴ የጓሮ እንቁላል ሻጭ ብሆንም፣ ዝም ማለት አልችልም። አንድ የማውቀው አርቢ ዶሮዎቹ ሲያስነጥሳቸው ከመድኃኒት ቤት ዱቄት ገዝቶ ውኃቸው ውስጥ በጠበጠ። እንቁላሉን በዚያው ሳምንት ለጎረቤት ሲሸጥ ደረስኩ። መድኃኒቱ እንቁላል ውስጥ እንደሚገባ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ እስኪያልፍም እንቁላሉ መበላት እንደሌለበት ስነግረው «የቤት እኮ ነው!» አለኝ። የቤት መሆኑ ምን ያደርግለታል? ሆድ የሚያሳምመው ባክቴሪያ፣ ሳልሞኔላም ቢሆን ሀበሻና ፈረንጅ አይለይም፤ ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ እንኳ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ጥሬ እንቁላል በወተት መትታችሁ ለልጅ የምትሰጡ፣ ተዉ።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። በጀመርኩበት ዓመት እንቁላሎቼ እንዲያምሩ ብዬ ሁለት ትሪ ሙሉ በቀዝቃዛ ውኃ አጥቤ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱ ገማ። ቅርፊት ላይ በዓይን የማይታይ ቀዳዳዎቹን የሚደፍን ስስ ሽፋን አለ፤ እኔ አጥቤ አነሳሁት። ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ የእንቁላሉን ውስጥ ስለሚያኮማትረው ከላይ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። አሜሪካኖች ያጥባሉ፤ ግን ከእንቁላሉ በሞቀ ውኃ፣ ከዚያም ቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣ። አውሮፓውያን ደግሞ ለገበያ የሚቀርበውን ደረጃ አንድ እንቁላል ማጠብን ከልክለዋል። የሁለቱን ሥርዓት ግማሽ ግማሽ ወስዶ ማቀላቀል ነው የሚያበላሸው። እኔ ዛሬ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ አስቀምጣለሁ፤ የቆሸሸውን ልጠቀምበት ስል አጥባለሁ።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ገበያ ቆማ ትደውልልኛለች። «ኬጅ ፍሪ ይላል፤ ሜዳ የዋለች ናት ማለት ነው?» አይደለም። ሽቦ ቤት ውስጥ አልታሰረችም ማለት ነው እንጂ ዕድሜዋን ሙሉ ከአዳራሽ ሳትወጣ ልትኖር ትችላለች። «ሆርሞን የለበትም» የሚለው ይባስ፤ እዚያ አገር ለዶሮ ሆርሞን መስጠት ድሮውንም ክልክል ስለሆነ ካርቶኑ የሚኩራራው ሕግ በማክበሩ ነው። «ናቹራል» ስለ ዶሮዋ አኗኗር ምንም አይልም። በጣም የሚያስቀኝ ግን «እህል ብቻ የበላች» የሚለው ነው። ሜዳ የዋለች ዶሮ ትል አግኝታ ልታልፍ? እህቴን የመከርኳት፣ የመንግሥት የደረጃ ምልክት ባለበት ካርቶን ላይ ከ001 እስከ 365 ያለውን ባለሦስት አኃዝ ቁጥር እንድትፈልግ ነው። የታሸገበት ዕለት ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራል። ከሥዕሉና ከአረንጓዴው ጽሑፍ ሁሉ ያ ቁጥር ይበልጣል።

እንቁላልን ውኃ ውስጥ ማጥለቅ ዕድሜውን ይነግራል፤ ሲያረጅ ውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ይንሳፈፋል። መስጠሙ ግን ከበሽታ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

የመጨረሻው የፋሲካ ነው። በ55ቱ ቀን ጾም ዶሮዎች አይጾሙም፤ ሲጥሉ ይከርማሉ፣ ገዢው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በበዓሉ ዋዜማ ገበያ ላይ የምታገኙት የሳምንታት ክምችት ሊሆን ይችላል። ይህን የሰማች አንዲት ደንበኛዬ «የዛሬውን ስጪኝ» ብላ ቅዳሜ ጠዋት የተጣለ ወሰደች። ማክሰኞ ተመልሳ መጣች፤ ዐሥራ ሁለቱም ሲላጡ ተቦጫጭቀው፣ አማቷ ፊት ወጡን ማቅረብ አፍራ። «ያረጀ ሸጠሽልኝ» አለችኝ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ትኩስ ሲሆን ነጩ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር ተጣብቆ አይላጥም፤ ሲሰነብት ይለቃል። ለዶሮ ወጥ የሚሆነውን ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ በእርሳስ ቀኑን ቅርፊቱ ላይ ጻፉበት። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቆላ ካለ ዘመድ የሰማችሁት ደቂቃ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ጨምሩበት።